ዋሻን ስለ መመርመርና ስለ ማስጎብኘት

በመተማና በገዳሪፍ መካከል የነገደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዚያ አገር ከማናቸውም ወሬ አስቀድሞ የሚጠየቀው የዝናብ ወሬ ነው። ማሽላውና ሰሊጡ በክረምት ዝናብ ብቻ በሚለማው ጥቁር መሬት ላይ ስለሚበቅል፣ ዝናቡ ሲዘገይ የገበያው ዋጋ አብሮ ይናወጣል። ይሁን እንጂ ዝናብ በመሣሪያ እየተለካ መጻፍ ከጀመረ ገና ብዙ ዘመን አልሆነም። ከዚያ በፊት የነበረውን ለማወቅ ሊቃውንት ሌላ መዝገብ መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል፤ ከእነዚህም መዛግብት አንዱ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ነው።

የገዳሪፍ ምድር ከጥቁር አፈሩ በታች የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ስለ ሆነ፣ ይህን መዝገብ የሚፈልግ ሰው ወደ ሐረርጌና ወደ ባሌ መሻገር አለበት። በዚያ የዝናብ ውሃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተሸክሞ የኖራውን ድንጋይ ያሟሟል፤ ያሟሟውንም ኖራ በዋሻው ውስጥ ጠብታ በጠብታ መልሶ ያኖረዋል። በምዕራብ ሐረርጌ በመቻራ አካባቢ በሚገኙት ዋሻዎች፣ ከወለል ወደ ላይ ካደጉት ድንጋዮች አንዳንዶቹ እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ የተነባበረ መሥመር አላቸው። ፕሮፌሰር አስፋወሰን አሥራትና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ባሳተሙት ጥናት የጥንቱን የዝናብ ሁኔታ ከእንዲህ ካለው ድንጋይ አንብበዋል። የመቻራ ድንጋይ የገዳሪፍን ዝናብ ይለካል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ምስክር በምሥራቅ አፍሪካ በየስፍራው አይገኝም።

እንግዲህ አንድ ዋሻ ለአገር ጎብኚ ይከፈት ሲባል፣ መርማሪው ውበቱንና የመንገዱን ርቀት ብቻ ጽፎ ቢመለስ ሥራው ጎደሎ ነው። ውሃው ከወዴት እንደሚገባ፣ አየሩ በምን ያህል ጊዜ እንደሚታደስ፣ የሌሊት ወፍ የሚያድርበት ክፍል የትኛው እንደ ሆነ መመዝገብ አለበት። የሰው ትንፋሽና የመብራት ሙቀት ቀላል ነገር መስሎ የሚታየው ላልመረመረ ሰው ነው። በፈረንሳይ አገር በ1940 የተገኘው የላስኮ ዋሻ በ1948 ለሕዝብ ተከፍቶ፣ በቀን ከሺህ የሚበልጥ ሰው እየገባበት፣ በሥዕሎቹ ላይ አረንጓዴ ሽበት ስለ ወጣ በ1963 ተዘጋ። ፈረንሳዮች በ1983 ምሳሌውን በአጠገቡ ሠርተው ጎብኚውን ወደዚያ መለሱት። የከተማው ባለ ሆቴል ከገበያው አልተለየም፤ ዋሻውም ዕረፍት አገኘ።

ሁሉም ዋሻ ግን ይዘጋ ማለት ስንፍና ነው። በባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ፣ በኢትዮጵያ ከታወቁት ሁሉ ረጅሙ፣ ወደ 15 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው፤ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በ1972 ለክተውታል። የወይብ ወንዝ በውስጡ ያልፋል፤ በሮቹም ብዙ ናቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚያጥበው፣ ነፋስ የሚመላለስበት እንዲህ ያለው ዋሻ የእግር ዱካን ይችላል። ጠብታ ብቻ የሚንጠባጠብበትና አየሩ የማይነቃነቅ ዋሻ ግን አንድ የተሰበረ ድንጋይ በሰው ዕድሜ አይተካለትም። ስለዚህ ሶፍ ዑመር በሥርዓት ይጎብኝ፤ የመቻራው የዝናብ መዝገብ ግን ከጥናት ሰው በቀር አይከፈት።

በሶፍ ዑመር ላይ አስተዳዳሪዎች አንድ ነገር እንዳይዘነጉ ያስፈልጋል። ስፍራው በስማቸው የሚጠራው የሼኽ ሶፍ ዑመር መታሰቢያ ሆኖ ሙስሊሞች የሚሳለሙት ነው። ተሳላሚውን ከቱሪስት ጋር አሰልፎ ቲኬት ማስቆረጥ፣ ገቢውን ጥቂት ቢያሳድግ፣ ዋሻውን እስከ ዛሬ የጠበቀውን ሕዝብ ያስቀይማል። ስፍራው በ2011 በዩኔስኮ የዕጩ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ በተፈጥሮም በባህልም ቅርስነቱ የቀረበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለነጋዴው ደግሞ ትርፉ ከዋሻው ደጃፍ ሳይሆን ከሮቤና ከጎባ ነው፤ ከመኪናው፣ ከመኝታው፣ ከምሳው። ከዋሻ የተሰበረ ድንጋይ ለመታሰቢያ የሚሸጥ ሰው ቢገኝ በሱቅ ደጃፍ ሊቆም አይገባውም፤ ወረዳውም በር ጠባቂ ሲቀጥር ከአካባቢው ተወላጅ ቢመርጥና ደመወዙን ከመግቢያው ገንዘብ በየወሩ ሳያጓድል ቢከፍለው፣ ብዙ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ከመትከል ይሻላል።