ከሕፃን ልጅ ጋራ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ ማረፊያ ከተማ ስለ መምረጥ

በመንግሥት ሥራ ወይም በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ዓመቱን ሙሉ ሲደክም የሚኖር ሰው፥ ጥቂት የዕረፍት ቀን ባገኘ ጊዜ ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ አገሩን ለማየት መነሣቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከተጓዦቹ አንዱ ገና ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሆነው ሕፃን ሲሆን፥ የጉዞው ነገር በታላላቆቹ ፈቃድ ብቻ ሊቆረጥ አይገባም። ሕፃን የሚያመውን ለይቶ አይናገርም፤ ሙቀቱም ውሃውም እንቅልፍ ማጣቱም ሲጎዳው ማልቀስ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የጉዞው መለኪያ ከሁሉ የሚያንሰው መንገደኛ መሆን አለበት።

ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው፥ ከአዲስ አበባ ወርዶ የአዋሽን ሸለቆና የአርሲን ደጋ ለማየት የሚሻ እንዲህ ያለ ቤተ ሰብ በየትኛው ከተማ ቢያርፍ ይሻለዋል የሚለውን ነው። ለነገሩ መነሻ እንድትሆነን ደራን እንውሰድ። ደራ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወጣው መንገድ ላይ፥ ከአዳማ 25 ኪሎሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የአርሲ ከተማ ናት። በአጠገብዋ የድልፈቃር የዱር አራዊት ጥብቅ ስፍራ አለ። የሶደሬ ፍል ውሃም ከእርስዋ ሩቅ አይደለም። ወደ ላይ ሲወጡ ደግሞ በኢተያ በኩል የአርሲ የስንዴና የገብስ እርሻ ይጀምራል። እንግዲህ የሚታየው ሁሉ በደራ ዙሪያ ከሆነ፥ ማደሪያውስ የት ይሁን?

ብዙ ሰዎች አንድ ሌሊት ሶደሬ፥ አንድ ሌሊት ዝዋይ፥ አንድ ሌሊት ላንጋኖ እያሉ በየቀኑ ማደሪያ መለወጥን ጉዞ የሚያሰፋ ይመስላቸዋል። ሕፃን ልጅ ግን በየሌሊቱ ባልለመደው ክፍል ሲያድር እንቅልፉ ይታወካል፤ እንቅልፉ የታወከ ልጅ ምግብ እንቢ ይላል፤ እናቲቱም ዕቃ በመፍታትና በማሰር ትውላለች። በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር እንኳ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ሌሊት አይጓዝም ነበርና፥ መንገደኞቹ በድሬዳዋና በአዋሽ ያድሩ ነበር። ባቡር ያረፈበትን ሌሊት ሕፃን ሊያርፍበት አይገባምን? ስለዚህ አንድ ከተማ ይዞ፥ ከዚያ እየተነሡ ውሎ ገብ መሄድና ሳይመሽ መመለስ የተሻለ ነው።

ማረፊያው ከተማ በአራት ነገሮች ይመዘናል። መጀመሪያው የቦታው ከፍታ ነው፤ ወባ በአገራችን ይበልጡን የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነውና። ሁለተኛው ልጁ በሌሊት ቢያተኩሰው ሐኪም የሚገኝበት መሆኑ ነው። ሦስተኛው ንጹሕ ውሃና ለልጅ የሚስማማ ምግብ ነው። አራተኛው ለማየት ወደሚፈለጉት ስፍራዎች ያለው መንገድ አጭር መሆኑ ነው።

በዚህ ሚዛን ስንመዝናት ደራ በአራተኛው ትበልጣለች፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ግን ታንሳለች፤ ቆላ ናት፥ ታላላቆቹ ሆስፒታሎችም ከእርስዋ ወዲያና ወዲህ ናቸውና። ይህን የምንለው ከተማይቱን ለማቃለል አይደለም፤ ከልጅ ጋራ ለሚሄድ ሰው መዋያ እንጂ ማደሪያ አለመሆንዋን ለመግለጽ ነው። ናዝሬት ስትባል የኖረችው አዳማ በአንጻሩ የሕክምና ኮሌጅ ያለው ሆስፒታል አላት። በ2007 ዓ. ም. መጀመሪያ የተመረቀው የፍጥነት መንገድም ከአዲስ አበባ ጋራ ስላቀራረባት፥ ክፉ ነገር ቢመጣ መመለሻው ቅርብ ነው። ከፍታዋ ግን 1,600 ሜትር ያህል ስለሆነ ከወባ ነፃ አይደለችም። አሰላ ደግሞ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፥ ብርድዋ የሚበረታ፥ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል የሚገኝባት ደጋ ናት፤ ከእርስዋ ወደ ደራ መውረጃው 50 ኪሎሜትር ያህል ነው።

እንግዲህ ምርጫው በወቅቱ ይፈረዳል ማለት ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቆላው ደረቅ፥ ሌሊቱም ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ አዳማ ማረፍ መልካም ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ግን ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወራተ ጽጌ፥ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ከሕፃንዋ ጋራ መሰደድ የምታስብበት፥ ምድር በአበባ የምታጌጥበት፥ ለጉዞም ልብ የሚነሣሣበት ወቅት ነው። የቆላው ትንኝም የምትበዛው በዚሁ ወራት መሆኑን ወላጅ ሊያውቅ ይገባል። በደጋ የተወለደ ሕፃን ደሙ ወባን ስላልለመደ በሽታው ይጸናበታል። ስለዚህ በነዚህ ወራት በአሰላ አድሮ፥ ቀን ወደ ደራና ወደ ሶደሬ ወርዶ፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ መመለስ ብልኅነት ነው። በማናቸውም ወቅት ግን አጎበር መያዝ፥ ከጉዞውም አስቀድሞ ሐኪምን ማማከር ያስፈልጋል። ልጁ በጉዞው ወይም ከተመለሰ በኋላ ቢያተኩሰው ሳይውል ሳያድር ደሙን ማስመርመር ግድ ነው።

አንዳንዶች ላንጋኖን ወይም ሐዋሳን ለምን ተውህ ይሉን ይሆናል። ሐዋሳ ያማረች ናት፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ 275 ኪሎሜትር ስለምትርቅ ለብቻዋ ሌላ ጉዞ ትሻለች። የላንጋኖ ውሃ ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው ተብሎ የታወቀ ቢሆንም፥ ሆስፒታል ካለበት ከተማ ይርቃል። በዝዋይ ሐይቅ ዳር ቢልሃርዝያ ስላለ፥ ልጅን በዳርቻው ውሃ ማጫወት አይገባም። እነዚህ ሁሉ ልጁ አድጎ ሕመሙን መናገር በቻለ ጊዜ ይደርሳሉ።

ስለ ውሃ አንድ ነገር እንጨምር። በስምጥ ሸለቆው ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ በብዙ ስፍራ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ይህም የሚያድጉ ልጆችን ጥርስ ያበልዛል፥ ለብዙ ዘመን ሲጠጣም አጥንትን ያጎብጣል። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም። ለጥቂት ቀን እንግዳ የሚያሠጋ ባይሆንም፥ ለሕፃን ወተት መበጥበጫ የታሸገ ውሃ መያዝ ይሻላል። በሶደሬም ፍል ውሃው ለአዋቂ ደስ የሚያሰኘውን ያህል የሕፃንን ቀጭን ቆዳ ፈጥኖ ያቃጥላል፤ አስቀድሞ በክርን መፈተን ያሻል። በአዋሽ ውስጥ አዞ አለ፤ ጦጣዎቹም ከልጅ እጅ ምግብ ይነጥቃሉ። ስለዚህ ልጁን ከእጅ መልቀቅ አይገባም።

ቀኑንም መምረጥ ያስፈልጋል። ታኅሣሥ 19 ቀን የሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል በዓል ሲደርስ የምሥራቁ መንገድ በተጓዦች ይሞላል፤ የቢሾፍቱ እሬቻ በሚከበርበት ሰሞንም እንዲሁ ነው። የመንገዱን ፀጥታ ደግሞ ከመነሣት አስቀድሞ ከሚያውቁ ሰዎች መጠየቅ፥ ክፉ ወሬም ከተሰማ ጉዞውን ማስተላለፍ የሚያሳፍር አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

ይህ ሁሉ የወላጅ ድርሻ ነው፤ የከተማ ሹማምንት ድርሻ ግን ከዚህ ይሰፋል። በ2009 ዓ. ም. በአገራችን መኖርዋ የታወቀው አኖፌሌስ ስቴፌንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ፥ እንደ ቀድሞዎቹ በረግረግ ብቻ ሳይሆን በከተማ ውሃ ማጠራቀሚያና በሕንጻ መሥሪያ ጉድጓድ ትራባለች። በ2014 ዓ. ም. በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከእርስዋ ጋራ የተያያዘ መሆኑን ተመራማሪዎች ገልጸዋል። ስለዚህ በርሜል እንዲከደን፥ ያቆረ ውሃ እንዲደፈን፥ በየሆቴሉ መስኮት ወንፊትና በየአልጋው አጎበር እንዲኖር ማዘዝና መቈጣጠር ተገቢ ነው። ካህናትም ምእመናን ለስለት ወይም ለንግሥ ከሕፃናት ጋራ ሲነሡ፥ ከቡራኬው ጋራ ይህን ምክር ቢጨምሩላቸው ብዙ ልጆችን ከሕመም ያድናሉ።

እንግዳ የሆነው ሕፃን ሦስት ቀን አድሮ ይሄዳል፤ የደራና የአዳማ ሕፃናት ግን ዓመቱን ሙሉ በዚያው ያድራሉ። ለእንግዳው ልጅ የሚመች ሆኖ የተሰናዳ ከተማ ለተወላጁም የሚመች ስለሆነ፥ ሹማምንቱ ስለ እንግዳ ክብር ብለው የሚያደርጉት ሁሉ ለገዛ ልጆቻቸው ይተርፋል።