ቦርድ ማን ናቸው?

ባለፈው ሰሞን እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ሽማግሌ ማመልከቻቸውን ይዘው መጡ። ጸሐፊው «ጉዳይዎን ቦርድ ገና አላየልዎትም» ቢላቸው፥ ጥቂት አሰብ አደረጉና «ልጄ፥ እኒህ ቦርድ የሚባሉት ሰው መቼ መቼ ነው የሚገቡት?» ሲሉ ጠየቁ። ሁላችን ሳቅን። ዲግሪዬን ይዤ ከወጣሁ ገና ዓመት ያልሞላኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን ለራሴ ልመልሰው ብሞክር፥ ቃሉን ለመድሁት እንጂ አላውቀውም ኖሯል።

ነገሩ የአናጢ ነገር ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቦርድ ማለት ሳንቃ ነው። ጋሻንም፥ የመርከብንም ጎን በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ ጌቶች አዳራሽ የሚበላበት ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ በእግሮች ላይ የተጋደመ ሳንቃ ነበርና፥ ከተበላ በኋላ ተነሥቶ ይቀመጥ ነበር። ሳንቃው ገበታ ሆነ፤ ገበታውም ምግቡ ራሱ ሆነ። አዳሪ ትምህርት ቤት «ቦርዲንግ» የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። (የቦርዲንግ ወጥ የበላችሁ፥ ስሙ ከሳንቃ መምጣቱ አይደንቃችሁም።) በ16ኛው መቶ ዓመት አማካሪዎች የሚመክሩበት ጠረጴዛ ቦርድ ተባለ፤ በ17ኛው መጀመሪያ ላይ ስሙ ከጠረጴዛው ወደ ተቀመጡት ሰዎች ተሻገረ። «ቦርዱ ወሰነ» ማለት እንግዲህ ከሥሩ ቢፈታ «ሳንቃው ወሰነ» ማለት ነው።

የእኛም ቋንቋ ይህን መንገድ ያውቀዋል። ገበታ የእንጨት ዕቃ ነው፤ ማዕድም ነው፤ ፊደልም የሚቆጠርበት ነው። በቀድሞው ችሎት ዳኞቹ ራሳቸው «ወንበሮች» ይባሉ ነበር።

ቦርድ የሚለውን ቃል እናባርረው አልልም። የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ቃሉ ከሕግም ከደብዳቤም ገብቶ ከርሟል፤ አሁን አይወጣም። እኔን የሚከነክነኝ ቃሉን እንደ መጋረጃ መያዛችን ነው። «በቦርድ ተወስኗል» ብለን ማኅተም እንመታለን፤ እነማን እንደ ተቀመጡ፥ መቼ እንደ ተቀመጡ አንጽፍም። ባለጉዳዩም ከሳንቃ ጋር ይሟገታል።

ሐሙስ ዕለት ሽማግሌው ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ ሳልስቅ «አባቴ፥ ቦርድ አንድ ሰው አይደሉም፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚፈርዱ አምስት ሰዎች ናቸው» አልኋቸው።

«ታዲያ ወንበሮቹ አትለኝም?» አሉኝ።

መቼ እንደሚቀመጡ ግን ልነግራቸው አልቻልሁም።