ግልጽ ደብዳቤ ለመተማና ለቋራ ወገኖች፦ ስለ ሽመልና ስለ ቤት ሥራ

እንጨት በቤት ሥራ ላይ ሲውል የካርቦን ልቀትን በሁለት መንገድ ይቀንሳል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሹ ያህል ዛፉ ከአየር የሳበው ካርቦን ነው፤ ቤቱ እስከቆመ ድረስ በቋሚው፣ በማገሩና በወራጁ ውስጥ ታምቆ ይኖራል። በሲሚንቶ ፈንታ ሲገባ ደግሞ የሲሚንቶውን ልቀት ያስቀራል። ሲሚንቶ ሲመረት ጋዙ ከነዳጁ ብቻ ሳይሆን ከሚቃጠለው የኖራ ድንጋይም ይወጣል፤ በዚህ የተነሳ ኢንዱስትሪው ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 7 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ከባሕር ማዶ በሚላክ ገንዘብ የሚሠራ ቤት ብዙ ጊዜ የብሎኬት ነውና ጉዳዩ ላኪውንም ይመለከታል።

ጥቅሙ የሚገኘው ግን የተቆረጠው ሲተካ ብቻ ነው። የመተማ የተፈጥሮ ደን ለዚህ አይበቃም። የዕጣን ዛፍ ያረጀው ቆሞ ይታያል እንጂ ወጣት ተተኪ የለውም፤ ቡቃያውን ከብት ይግጠዋል፣ ሰደድ እሳትም ይፈጀዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እንዲህ ያለውን ደን ለግንባታ መጨረስ ልቀት መጨመር ነው፤ የዕጣኑንም ገቢ ያሳጣል።

በአካባቢው ለግንባታ የሚሻለው በመተማና በቋራ የሚበቅለው የቆላ ቀርከሃ፣ ማለትም ሽመል ነው። የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ሲሆን ሽመል ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው፤ ስለዚህ ለማገርና ለወራጅ ይጠነክራል። ቡቃያው ሙሉ ቁመቱን በአንድ ክረምት ይጨርሳል፤ ለቤት የሚሆነው ግን 3 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። አረንጓዴና በልባሱ የተሸፈነው ገና ልጅ ነው፤ ልባሱን የጣለውና ቆዳው ላይ ነጠብጣብ የያዘው ደርሷል። ዘንጉ የሚቆረጠው በበጋ፣ ከመሬት በላይ ካለው የመጀመሪያው አንጓ በላይ ተጠግቶ ነው። ጉቶው ላይ ጉድጓድ ከቀረ ውሃ አቁሮ ሥሩን ያበሰብሳል። ወጣቶቹ ዘንጎች ሳይነኩ ከቀሩ ሥሩ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ያበቅላል፤ መልሶ መትከል አያስፈልግም።

ትልቁ ድካም ያለው ከቆረጣ በኋላ ነው። ያልታከመ ሽመል በውስጡ ላለው ስታርች ሲል ነቀዝ ይበላዋል፤ የቆላው ምስጥም አይምረውም። የቦራክስና የቦሪክ አሲድ ውህድ ውስጥ መንከር ነቀዙን ይከላከላል። ውህዱ ግን በዝናብ ስለሚታጠብ የጣሪያው ክፈፍ ረዘም ማለት፣ ቋሚውም አፈር ሳይነካ በድንጋይ መሠረት ላይ ማረፍ አለበት። ከውጭ የሚላክ ገንዘብ መንከሪያ ገንዳና መድኃኒቱን ቢሸፍን ሰፈሩ ሁሉ ይጠቀምበታል።

ሥሩ በየክረምቱ ቢያበቅልም ሽመል በብዙ ዓመት አንዴ በጅምላ አብቦ ይደርቃል። በዚያን ጊዜ ዘሩ ካልተሰበሰበና የወደቀበት መሬት ከእሳትና ከልቅ ግጦሽ ካልተጠበቀ ተተኪ አይኖርም።

በውጭ አገር ከሚኖሩ ወገኖቻችሁ