ደላላ ያጣው የጎልፍ ገበያ

“ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል” ይባላል። በብሪታንያ ደሴት ምዕራባዊ ጎን የተቀመጠችው ዌልስ በጎልፍ ገበያ የደረሰባት ይኸው ነው። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ይህች ትንሽ አገር ባሕር ዳሯን ተከትለው የተዘረጉ፣ ብዙዎቹም ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የጎልፍ ሜዳዎች አሏት። ይሁን እንጂ ገንዘብ ቋጥሮ የእረፍት ሳምንቱን የሚያቅድ ተጫዋች በመጀመሪያ የሚጠራው ስኮትላንድን፣ ቀጥሎ አየርላንድን ነው። ዌልስ የምትታወሰው ሁለቱ ሞልተዋል ወይም ተወድደዋል በተባለ ጊዜ ነው።

ለነጋዴ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ዓይነት ጨርቅ በሁለት ሱቅ ተሰቅሎ፣ አንደኛው ሱቅ ስም ስላለው ብቻ በእጥፍ ሲሸጥ በየገበያው ይታያል። ብልህ ገዥ የሱቁን ስም ትቶ ጨርቁን ይዳስሳል። በዌልስ ጉዳይ ጨርቁን የዳሰሰ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ ግልጽ ነው፤ ዕቃው ከተጠየቀበት ዋጋ በላይ ያወጣል። ዋጋው ዝቅ ያለው ሻጩ ዝምተኛ፣ መንገዱም አስቸጋሪ በመሆኑ ነው። መንገዱን በዕቅድ ላሸነፈ ሰው ልዩነቱ ንጹሕ ትርፍ ነው።

ሂሳቡ ምን ይላል?

በመጀመሪያ ዋጋው ይታይ፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ2025 በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ፣ “ኦልድ ኮርስ” በሚባለው ሜዳ በደራ ወቅት አንድ ዙር ለመጫወት የሚከፈለው ከ300 ፓውንድ በላይ ነበር። እዚያው ስኮትላንድ ተርንበሪ ላይ ደግሞ በሆቴሉ ያላረፈ እንግዳ በጠዋት ለመጫወት እስከ 1000 ፓውንድ ተጠይቋል። በዌልስ ባሕር ዳር የሚገኙት ቴንቢ፣ አበርዳቪና ነፊን የሚጠይቁት ከሴንት አንድሩሱ ግማሽ በታች ነው።

የዋጋው ልዩነት ይህን ያህል ሲሰፋ የመሬቱ ልዩነት ግን እምብዛም ነው። የእነዚህ ሜዳዎች ዓይነት “ሊንክስ” ይባላል። ባሕር የተፋውን አሸዋ ነፋስ እየቆለለ ጉብታ ሲሠራ፣ በላዩም አጭርና ጠንካራ ሣር ሲበቅልበት የሚገኝ መሬት ነው። በስኮትላንድም ሆነ በዌልስ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አሸዋው ውሃ ቶሎ ስለሚያሰርግ ዝናብ ካባራ ብዙም ሳይቆይ ሜዳው ለጨዋታ ይደርሳል።

ዕቃው በዝርዝር ሲታይም ተራ አይደለም። በደቡብ በ1891 የተቋቋመው ሮያል ፖርትኮል ከ18ቱም ጉድጓዶች ባሕሩ የሚታይበት ሜዳ ነው። በ1995 በአማተሮች የዎከር ካፕ ውድድር የብሪታንያና የአየርላንድ ቡድን፣ ወጣቱ ታይገር ዉድስ የተሰለፈበትን የአሜሪካ ቡድን የረታው በዚህ ሜዳ ነው። በ2025 ደግሞ የሴቶች ኦፕን ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ዌልስ የገባው በዚሁ ፖርትኮል ሲሆን፣ ዋንጫውን የወሰደችው ጃፓናዊቷ ሚዩ ያማሺታ ናት። ከፖርትኮል ወደ ምዕራብ ሲሄዱ በጋወር ልሳነ ምድር ከገደል በላይ የተዘረጋው ፔናርድ፣ ከዚያም አልፎ በ1888 የተመሠረተው ቴንቢ ይገኛሉ። ቴንቢ በዌልስ በደንብ ከተቋቋሙት የጎልፍ ክለቦች ቀደምቱ ነው።

በሰሜን በኩል ሃርለክ ላይ በ1894 የተቋቋመው ሮያል ሴንት ዴቪድስ አለ። ከሜዳው በላይ ቋጥኝ ላይ ቆሞ የሚታየው ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነባው፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሃርለክ ግንብ ነው። በአንድ ወቅት ባሕሩ እስከ ግንቡ እግር ይደርስ ነበር፤ ዛሬ ኳስ የሚመታበት አሸዋ ባሕሩ ሲሸሽ ትቶት የሄደው ነው። በተጨማሪም በ1890 የተቋቋመውና በ2021 የሴት አማተሮችን የከርቲስ ካፕ ውድድር ያስተናገደው ኮንዊ፣ ባሕር ውስጥ በገባ ጠባብ ምላስ ላይ የተዘረጋው ነፊን፣ እንዲሁም በ1892 የተመሠረተው አበርዳቪ በዚሁ በሰሜንና በምዕራብ ዳርቻ ይገኛሉ።

የ2010 መስኮት

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ገበያው ለምን ቀዘቀዘ? ከምክንያቶቹ አንዱ ዌልስ ራሷን ያሳየችበት መስኮት ነው። በ2010 አውሮፓና አሜሪካ የሚፋለሙበት ራይደር ካፕ ለመጀመሪያ ጊዜ በዌልስ ተካሄደ። ቦታው በኒውፖርት አቅራቢያ ያለው ሴልቲክ ማነር ሲሆን፣ ሜዳው ለዚሁ ውድድር ተብሎ በአስክ ወንዝ ሸለቆ የተዘጋጀ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዝናቡ ጨዋታውን ከሰባት ሰዓት በላይ አስቆመው። የአሜሪካኖቹ የዝናብ ልብስ ውሃ በማስገባቱ ከውድድሩ መሸጫ ድንኳን ሌላ እስከ መግዛት ደረሱ። ውድድሩም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰኞ ተሸጋግሮ፣ አውሮፓ በ14 ተኩል ለ13 ተኩል አሸነፈ።

ውድድሩ ድንቅ ነበር፤ ሆቴሉም ዛሬ ድረስ ጥሩ ሆቴል ነው። ነገር ግን ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ዝናብና ጭቃ ነው። ያየውም ሜዳ ወንዝ ዳር ያለ የሸለቆ መሬት እንጂ ዌልስ ለጎልፈኛ የምታቀርበው ምርጥ ዕቃ፣ አሸዋማው ባሕር ዳር አልነበረም። ምርጡን ቡና መጋዘን አስቀምጦ ሁለተኛውን ደረጃ ለናሙና እንደማቅረብ ያለ ነው። ከዚያ ወዲህ “ዌልስ” ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ትልቅ ሆቴልና አንድ ትልቅ ዝናብ ሆኖ ቀርቷል።

ዝናብ የለም ማለት ግን ውሸት ይሆናል። በሰሜኑ ተራሮች በዓመት ከ3000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት ቦታ አለ። ዳሩ ግን ዝናቡ የሚበረታው ተራራው ላይ ሲሆን ባሕር ዳሩ ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥያቄው “ዝናቡን እንዴት ማምለጥ ይቻላል?” ሳይሆን “በዕቅዱ ውስጥ ለዝናብ የተያዘ ቀን አለ ወይ?” የሚለው ነው።

አንድ ዳርቻ ይበቃል

የዌልስ ዕረፍት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ካርታ ላይ ነው። አገሩ ትንሽ ስለሚመስል እንግዳው ደቡቡንም ሰሜኑንም በአንድ ሳምንት ሊያዳርስ ያቅዳል። ይህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። ደቡቡን ኤም 4 የተባለው አውራ ጎዳና፣ ሰሜኑን ኤ 55 ያገለግሉታል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ፈጣን አውራ ጎዳና ግን የለም፣ መሐሉ ተራራ ነው። ከዋና ከተማዋ ከካርዲፍ እስከ ኮንዊ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚህ ላይ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ቤት በበዛባቸው አካባቢዎች በአብዛኞቹ መንገዶች የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ነው። በሌላ አገር ልማድ የጉዞ ሰዓቱን ያሰላ ሰው የተያዘለት የጨዋታ ሰዓት ያመልጠዋል፤ ክፍያውም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ገዥው አንዱን ይምረጥ። ለንደን ለንግድ የሄደና አምስት ሌሊት ማትረፍ የቻለ ሰው ደቡቡ ይቀለዋል። ከፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር ካርዲፍ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። መኪና ተከራይቶ ፖርትኮል፣ ፔናርድና ቴንቢን በየተራ ይጫወታል። በመኪና ከለንደን ለሚመጣም በሰቨርን ወንዝ ድልድዮች ይከፈል የነበረው የመተላለፊያ ቀረጥ በዲሴምበር 2018 ቀርቷል። ለብሪታንያ የተሰጠ ቪዛ ለዌልስም ያገለግላል፤ በእንግሊዝና በዌልስ መካከል የድንበር ፍተሻ የለም።

ሰሜኑ የሚያዋጣው ሙሉ ሳምንት ላለውና በማንችስተር ወይም በሊቨርፑል ለሚገባ ነው። ኮንዊን፣ ነፊንን፣ ሃርለክንና አበርዳቪን በዚህ ቅደም ተከተል ከሄደባቸው ወደ ኋላ መመለስ አይኖርበትም። ሃርለክና አበርዳቪ በባሕር ዳሩ የባቡር መስመር ላይ ጣቢያ አላቸው፤ የአበርዳቪው ጣቢያ ከክለቡ ጎን ነው። በዚህ አካባቢ ዌልስኛ የየዕለቱ መነጋገሪያ ነው። በጠዋት “ቦሬ ዳ” ብሎ እንደምን አደራችሁ ማለት የሚያስወጣው ነገር የለም፤ ፊት ያስፈታል።

የቀን አደላደሉም ቀላል ነው። ለአምስት ሌሊት አራት ዙርና አንድ ባዶ ቀን ይበቃል። ባዶው ቀን ለዝናብ መጠባበቂያ ነው፤ ሳይዘንብ ካለፈ በ2012 የተከፈተውና የአገሪቱን ባሕር ዳር 1400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚከተለው የእግረኛ መንገድ አለ። ከወራቱ ሜይ፣ ጁንና ሴፕቴምበር ይመረጣሉ። በጁን ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ብርሃን ስላለው፣ ክለቡ ለከሰዓት በኋላ ጨዋታ ቅናሽ ካለው ረፈድ አድርጎ ጀምሮ ሳይመሽ መጨረስ ይቻላል።

አብዛኞቹ ክለቦች የአባላት ንብረት በመሆናቸው ቅዳሜና እሑድ ቅድሚያው የአባላት ነው። እንግዳ የሥራ ቀናትን ቢይዝ ዋጋውም ቦታውም ይሻለዋል። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የሃንዲካፕ ማስረጃ ያስፈልጋል ወይ? ዝናብ ሜዳውን ካዘጋ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይዛወራል? ከቡድኑ አንድ ሰው ቢቀር የማን ኪሳራ ነው?

የሌሊቱ ቀረጥ

አሁን በደላሎች አፍ የሚዘወተረው ስጋት አዲሱ የእንግዶች ቀረጥ ነው። በ2025 የወጣው የዌልስ ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች ከ2027 ጀምሮ፣ ከፈለጉ፣ በሆቴልና መሰል ማረፊያ ከሚያድር እንግዳ በሰው በሌሊት 1 ፓውንድ ከ30 ፔንስ እንዲያስከፍሉ ይፈቅዳል። “ገበያውን ይገድላል” የሚሉ አሉ። አራት ሰዎች አምስት ሌሊት ቢያድሩ ድምሩ 26 ፓውንድ ነው። ከላይ ከተዘረዘሩት ሜዳዎች በአንዱ በበጋ አንድ ሰው አንድ ዙር ከሚከፍለው ያነሰ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ጉዞ የሚሰርዝ ሰው መጀመሪያውኑ ለመሄድ አላሰበም።

ይልቅ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ ምን ላይ ይውላል የሚለው ነው። ሕጉ ገቢው እንግዳ የሚመጣበትን ቦታ ለመንከባከብና ለማሻሻል እንዲውል ያዛል። ይህ በተግባር ከታየ ትርፉ ለገዥውም ነው፤ ምክንያቱም የሚሸጠው ዕቃ ራሱ ባሕሩ አፍ ላይ ነው። በሃርለክና በአበርዳቪ መካከል ያለችው ፌርቦርን መንደር የባሕሩ ከፍታ እየጨመረ በመሄዱ መከላከያዋ ለዘለቄታው እንደማይጠበቅ በዕቅድ የተነገራት ናት። በአሸዋ ጉብታ ላይ የተሠራ ሜዳ ከተሸረሸረ በሌላ አይተካም። አነስተኛ ክለቦች ለጥገና ከሚተማመኑባቸው ገቢዎች አንዱ ደግሞ እንግዳ የሚከፍለው ነው። ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ትልቅ ሆቴል ጨርሶ የሚመለስ ጎብኚ ዌልስን አይቷል ቢባል እንኳ ባሕር ዳሩን አልደገፈም።

ለሻጮቹም የሚባል አለ። ዌልስን “ርካሿ ስኮትላንድ” እያሉ የሚያሻሽጡ የጉዞ ወኪሎች በገዛ ዕቃቸው ላይ ዋጋ እየጣሉ ነው። ለርካሽነቱ የመጣ ደንበኛ ዋጋው አሥር ፓውንድ በጨመረ ማግስት ይሄዳል። ለሃርለክ ግንብና ለፖርትኮል ባሕር የመጣ ግን ይመለሳል፣ ጓደኛም ይዞ ይመጣል። ሻጩ ዝምታውን ትቶ ባሕር ዳሩን መስኮት ላይ ማውጣት አለበት፤ የ2025ቱ የሴቶች ሻምፒዮና ያን ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል።

ይህ ማለት ደግሞ የዋጋው ክፍተት ለዘላለም አይቆይም ማለት ነው። ፖርትኮል ስሙ በገነነ ቁጥር ክፍያው ከጎረቤቶቹ እየራቀ ሄዷል፤ ሌሎቹም ቀን እየጠበቁ ነው። በመጪው ጁን ለመጫወት ያሰበ ሰው አዲሱ ዓመት ከመግባቱ በፊት ዳርቻውን መርጦ፣ የሥራ ቀናቱን ለይቶ፣ ለክለቦቹ በቀጥታ ቢጽፍ ቦታም ዋጋም ያገኛል። የዘገየ የሚገዛው ሌላው የተወውን ሰዓት ነው።