መርዶ ክፍል ሲገባ

ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ፣ ጊምቢ ወረዳ፣ ቶሌ ቀበሌ ከ300 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘመን ከወሎ ሄደው የሰፈሩ ሰዎች ቤተሰቦች ነበሩ። እንዲህ ያለ ወሬ ወሎ ውስጥ ባለችው መካነ ሰላም ሲደርስ የአጎትና የአክስት ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ በአማራ ክልል ራሱ ጦርነት ተነሣ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ወሬም ከአፍ ወደ አፍ ሆነ። ሕፃኑ ከጓዳ ሆኖ የሰማውን ግማሽ ወሬ ይዞ ጠዋት ክፍል ይገባል። መምህሩ ምን ይበለው? መልሱን ከራሳችን የመርዶ ወግ ማግኘት እንችላለን ብዬ አምናለሁ።

ለአዋቂ መርዶ ሲነገር ነጋሪው ይመረጣል፣ ሰዓቱ ማለዳ ይሆናል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ከተነገረውም በኋላ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ግን ልጅን እንነፍገዋለን፤ «ልጅ ምን ያውቃል» እንላለን፣ እሱ ግን ፊታችንን ያነባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን በቦምብ ስትደበደብ የሕፃናት ማቆያ የከፈቱት አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም፣ ብዙ ልጆችን ከፍንዳታው ይልቅ ከእናት መለየት እንደጎዳቸው አስተውለዋል። ልጅ ደኅንነቱን የሚለካው አጠገቡ ባለው አዋቂ ነው። ለምሳሌ ጠዋት ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ያለውን ቅጽበት እንይ። «አቤት»፣ «አቤት» ሲባል ቆይቶ አንድ ስም ላይ ጸጥ ይላል፤ ክፍሉ በሙሉ ወደ ባዶው ቦታ ይዞራል። መምህሯ «ቀሪ» ብላ ካለፈች ልጆቹ መልሱን ራሳቸው ይፈጥሩታል፤ የሚፈጥሩትም ከእውነቱ የከፋ ነው። «አጎቱ ሞቶ ለቅሶ ቤት ነው፤ እሱ ደኅና ነው» ካለች ግን ፍርሃቱ ልክ ያገኛል።

«አይዞህ፣ ምንም አይደርስብህም» ማለት አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። አይሻልም፤ ማንም ሊጠብቀው የማይችል ቃል ነው፤ አንድ ቀን ሲፈርስ መምህሩን የሚያምን ልጅ አይኖርም። የሚጠበቀው ቃል ይህ ነው፦ «ተኩስ ከሰማን ከመስኮቱ ርቀን እንቀመጣለን፤ ወደ ቤትም ማንም ብቻውን አይሄድም።» የገዳዩን ማንነት መተንተን አያስፈልግም፤ ይህም በየትኛውም ወገን መጠርጠርን ለሚፈራው መምህር መልስ ነው። ልጁን በግድ አናግሮ ሁሉን ማስዘርዘርም ተገቢ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ እንዲህ ያለ የአንድ ጊዜ ኑዛዜ መሰል ውይይትን አይመክርም። መናገር የፈለገ ይናገር፣ ያልፈለገ ይሣል፣ ይጫወት፤ ትምህርቱም በሰዓቱ ይቀጥል።

ከባዱ ተቃውሞ መምህሩም ሐዘንተኛ መሆኑ ነው። እውነት ነው፤ መርዶ የደረሰው መምህር በዚያ ጠዋት ክፍል እንዲቆም ሊጠየቅ አይገባም። ርዕሳነ መምህራንና የወላጅ መምህር ኅብረቶች ሆይ፦ ክፉ ወሬ በመጣ ቀን ለታናናሾቹ ማን እንደሚነግር፣ ማን ተተክቶ እንደሚገባ፣ ልጆቹን ማን ወደ ቤት እንደሚሸኝ ዛሬ፣ ወሬው ሳይመጣ፣ ወስኑ።