ጡረታና እርሻ፤ በመተማ ቆላ ምን ይዘራል?

ስድሳ ዓመት ሞልቶት ከመንግሥት ሥራ በክብር የተሰናበተ ሰው ብዕሩን አስቀምጦ ሞፈር ቢያነሣ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ከማለዳ እስከ ማታ ያለ ሥራ ከሚቀመጥ ጡረተኛ ይልቅ የሚጐበኘው ማሳ ያለው ሰው አካሉም መንፈሱም ይጠነክራል። በምዕራብ ጎንደር ቆላ፥ በመተማና በሽንፋ፥ በገንዳ ውኃም አካባቢ ትንሽ እርሻ ለመጀመር ለሚያስቡ አባቶችና እናቶች አንድ ልጃቸው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

የመተማ እርሻ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው ሰሊጥ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለው ያ ሞቃት አገር ለሰሊጥ ይስማማል፤ ሰሊጥም የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙልን ሰብሎች አንዱ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ያጠራቀመውን ገንዘብ ሁሉ በሰሊጥ ላይ ለማዋል ይመኛል። የእኔ አስተያየት ግን ከዚህ ይለያል። ጡረተኛ ሰሊጥ ይዝራ፤ ኑሮውን ግን በሰሊጥ ብቻ ላይ አይመሥርት።

የሰሊጥ ጠባይ እንዲህ ነው። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይዘራል፤ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። ፍሬውን የያዘው ሽፋን በደረቀ ጊዜ ከጫፉ ተከፍቶ ዘሩን መሬት ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ ፈጽሞ ሳይደርቅ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ታጭዶ፥ በነዶ ታስሮ፥ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በሰሊጥ ግን የሚያፈሰው የዘገየው ነው። በዚያን ጊዜ የሁሉም ሰው ሰሊጥ ባንድነት ስለሚደርስ የቀን ሠራተኛ ይወደዳል። ወራቱም የወባ ወራት ነው። ማታ በማሳው ለሚያድር ሰው ደግሞ በተሰነጠቀው ጥቁር አፈርና በግራሩ ሥር ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ አለች። ዝናም በዝቶ ውኃ በዋልካው ላይ ከተኛም የሰሊጡ ሥር ይታፈናል። ባለ ብዙ ሄክታሩ ባለሀብት ዘንድሮ ቢከስር ለከርሞ ተበድሮ ይዘራል። የዕድሜ ልኩን ቁጠባ ያፈሰሰ ሽማግሌ ግን ከየት ያመጣል?

እንግዲህ ምን ይሻላል? ሦስት ሄክታር ያገኘ ሰው አንዱን ለማሽላ፥ አንዱን ለማሾ፥ አንዱን ለሰሊጥ ያድርግ፤ በየዓመቱም ቦታቸውን ያለዋውጥ። ማሽላ በአንድ ማሳ ላይ እየተደጋገመ ሲዘራ ሥሩን የምትጠባው አቀንጭራ ትበረታበታለች። ማሾ በአጭር ጊዜ ይደርሳል፤ የጥራጥሬ ዘር ስለ ሆነም አፈሩን ያለማል። አዝመራውም በተለያየ ጊዜ ስለሚሰበሰብ ጥቂት ሠራተኛ ይበቃዋል። «ማሽላ ምን ያህል ዋጋ ያወጣል?» የሚል ይኖራል። ግሪሳ ወፍ እንደሚያስቸግረውም አይካድም። ነገር ግን ቤተሰቡ የሚበላው እህል ገበያው ቢወርድ አይከስርም፤ አገዳውም ለከብት መኖ፥ ለአጥርና ለማገዶ ይሆናል።

የመሬቱም ነገር መታሰብ አለበት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም፤ ስለዚህ ይዞታ የሌለው ጡረተኛ የሚያርሰው ተከራይቶ ነው። በጽሑፍ ውል ይግባ፤ የውሉ ዘመን አጭር ከሆነም ማንጎና ሎሚ አይትከል፤ ፍሬውን የሚበላው ሌላ ነውና። በጓንግ ወይም በሽንፋ ወንዝ ዳር የራሱ ይዞታ ያለው ግን ጥቂት ዛፎችና የሽንኩርት መደብ ቢጨምር መልካም ነው።

መተማ የጠረፍ አገር መሆኗም አይዘንጋ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. ስለ አገር የወደቁባት ይህች ምድር፥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ስደተኛ ተቀብላለች። በጠረፍ ገበያውም መንገዱም ከሰላም ጋር ይከፈታል፥ ይዘጋል። ስለዚህ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የአካባቢውን ጸጥታ መጠየቅ ፍርሃት ሳይሆን አስተዋይነት ነው።

የየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም አዲስ ገበሬ የሆነውን ሽማግሌ «ይህ ምን ያውቃል» ብሎ ሳይንቅ፥ «ይህ ከተማረ ያስተምራል» ብሎ ቢቀበለው ይጠቀማል። ሠላሳ ዓመት መዝገብ የያዘ እጅ የማሳውንም ወጪና ገቢ ጽፎ ለጐረቤቱ ማሳየት ይችላል። አባቶቻችንም ገበያውን ከመጠየቃቸው አስቀድሞ ጎተራቸውን ይጠይቁ።