ነጋሪት ከመጎሰሙ በፊት

የደብረ ታቦርና የጉና ሥር ወገኖች፣ የፋርጣ፣ የእስቴ፣ የጋይንት ሰዎች፤ ብዙዎቻችን ባሕር ማዶ ልጅ ወይም ወንድም አለን። የአሜሪካ ዜግነት ወስዶ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ሲያወጣ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ይሠራል፤ ግን አይመርጥም፣ አይመረጥም። ጥምር ዜግነት ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለው ክርክር ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይነሳል። እሱ ድምፅ የለውም፣ እኛ አለን። እንግዲህ ሕጉ ይሻሻል በተባለ ጊዜ መናገሩ የእኛ ዕዳ ነው።

የረቂቅ አዋጅ መንገድ ረጅም ቢሆንም ለእኛ የሚከፈተው በር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ረቂቁ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ታይቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይላካል። አባላቱ በመጀመሪያ ንባብ በጥቅሉ ከተነጋገሩበት በኋላ ለዝርዝር ዕይታ ለቋሚ ኮሚቴ ይመሩታል። በሩ ይኸው ነው፦ ኮሚቴው የሕዝብ መድረክ ይጠራል፣ አስተያየት ይቀበላል፣ ይሰረዝ ወይም ይጨመር የሚለውን በውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ይፈጥናል፤ ሁለተኛ ንባብ፣ ድምፅ፣ የፕሬዚዳንቱ ፊርማ፣ ነጋሪት ጋዜጣ። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ባይፈርሙ እንኳ ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል። የታተመውን ይዞ ማማረር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የዜግነት ሕግ ደግሞ ተለውጦ ያውቃል። በ1922ቱ ሕግ፣ ውጭ አገር የውጭ ዜጋ ያገባች ኢትዮጵያዊት የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣ ነበር። ዛሬ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ይህን ይከለክላል።

ምክር ቤቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ሳምንት ዕረፍት ላይ ነው፤ ቡሄም በዚያው መሀል ይውላል። ተመራጩንም ከውጭ የሚመጣውንም ልጅ አገር ቤት ማግኘት የሚቀለው ያኔ ነው። የዕድር ዳኞች፣ መምህራን፣ የሴቶች ማኅበራት፣ ጡረታ የወጣችሁ የሕግ ሰዎች፤ ረቂቅ እስኪመጣ ሳትጠብቁ አንድ ላይ ተቀመጡ። ጥምር ዜግነት አገር ያስደፍራል የምትሉም እንዳትቀሩ፣ ኮሚቴው የእናንተንም ስጋት መስማት አለበት። «ሕጉ ጥሩ አይደለም» የሚል ወረቀት ግን ለማንም አይረባም። አንቀጹን በቁጥሩ ጥቀሱ፣ የሚወጣውን ሐረግ አስምሩበት፣ የሚተካውን ከሥሩ ጻፉ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ለምርጫ ክልላችሁ ተመራጭ በእጁ ስጡት፣ ግልባጩን አስቀሩ። ረቂቁ ለሁለተኛ ንባብ ሲቀርብም የኮሚቴው ሪፖርት ስለ ነጥባችሁ ምን እንዳለ ጠይቁት።